ገበሬው ገበያ እስኪደርስ ተዉት

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይውረድ።



ዛሬ የምጽፈው ስለ ሽንኩርት ነው። «በሃይማኖት ዓምድ ላይ ስለ ሽንኩርት መጻፍ ምን ይሉታል?» የሚል ወንድም ቢኖር፣ የሐዲስ ኪታቦችን ገልጦ ስለ መሸጥና መግዛት የሚናገረውን ምዕራፍ ይመልከት። እዚያ ውስጥ ተምር አለ፤ ዘቢብ አለ፤ የውሃ ቦይ አለ፤ ሚዛን አለ፤ ደላላም አለ። ዲናችን ሰላት ካሰላመትን በኋላ መስጊድ ውስጥ ጥለነው የምንወጣው ነገር አይደለም። ማሳ ድረስ ይከተለናል፤ ገበያም ድረስ ይከተለናል።

የምኖረው በደቡብ ወሎ ቦረና ወረዳ፣ መካነ ሰላም ከተማ ነው። ከደሴ በስተምዕራብ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የአገራችን ደጋ ድንችና ነጭ ሽንኩርት፣ ጎመንና ካሮት ያበቅላል። ወደ አባይ በረሃ ሲወረድ ደግሞ ውሃ ያገኘ ገበሬ በመስኖ ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም ይተክላል። ጤፍና ስንዴ ጎተራ ገብተው ደህና ቀን ይጠብቃሉ። ቲማቲም ግን ቀን አይጠብቅም፤ ከተለቀመ በኋላ ለባለቤቱ የሚሰጠው ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህም አትክልት የሚያመርት ገበሬ ከእህል አምራቹ ይበልጥ በመንገዱ፣ በገዢውና በሕጉ እጅ የወደቀ ነው። ክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በገባበት ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ስንቱ ጭነት እንደበሰበሰ የሚያውቀው ባለቤቱና አላህ ናቸው።

ሽንኩርት በተወደደ ጊዜ የከተማው ሰው ይጮኻል። «መንግሥት ዋጋ ይቁረጥልን» ይላል። ሽንኩርት በረከሰ ጊዜ ግን ገበሬው የለቀመበትን የቀን ሠራተኛ ሒሳብ እንኳ መክፈል ሲያቅተውና ማሳው ላይ ለከብት ሲለቀው፣ «ዋጋው ከዚህ አይውረድበት» የሚል ድምፅ አንሰማም። ለመሆኑ ይህ ፍትሕ ነውን?

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን መዲና ውስጥ ዋጋ ተወዶ ነበር። ሰዎች መጥተው ዋጋ እንዲተምኑላቸው ጠየቋቸው። አነስ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት፣ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ የዘገቡት ሐዲስ እንደሚነግረን፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዋጋን የሚወስነው አላህ መሆኑን፣ የሚያጠበውም የሚያሰፋውም እርሱ መሆኑን ገለጹላቸው። እርሳቸውም በሰው ደም ሆነ በሰው ገንዘብ አንድም ሰው በበደል ሳይከሳቸው ከጌታቸው ጋር መገናኘት እንደሚፈልጉ ነገሯቸው። ልብ እንበል! ሸማቹ ተቸግሮ ሳለ፣ የመዲናው መሪ የሻጩን ሐቅ እንዳይነኩ ፈሩ።

ዑለማዎች በዚህ ላይ ዝርዝር አላቸው። ኢብኑ ተይሚያ ስለ ሒስባ በጻፉት ኪታብ፣ ነጋዴዎች ተመሳጥረው ወይም ዕቃ ደብቀው ሕዝብን ካስጨነቁ፣ መሪው በተገቢው ዋጋ እንዲሸጡ ሊያስገድዳቸው እንደሚችል አስረድተዋል። ነገር ግን ይህ የመሳጠርና የመደበቅ መድኃኒት ነው። በራሱ ላብ ያመረተውን ይዞ ገበያ በሚወጣ ገበሬ ላይ የሚጫን ቀንበር አይደለም።

አገራችንም ይህን በራሷ ገላ ቀምሳዋለች። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት፣ በአጭሩ እሰገድ የሚባለው፣ ከገበሬው በኮታና በተቆረጠ ዋጋ እህል ይሰበስብ ነበር። ኮታው የተነሣው መጋቢት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ሲታወጅ ነው። እህል የሌለው ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረከበበትን ዘመን አባቶቻችን አይረሱትም። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በአንዳንድ መሠረታዊ የፍጆታ ዕቃዎች ላይ የዋጋ ጣሪያ ወጣ። ዕቃው ከሱቅ መደርደሪያ መጥፋት ጀመረ፤ ጥቂት ወራት ቆይቶም በአብዛኞቹ ላይ የነበረው ጣሪያ ተነሣ። ዋጋ በወረቀት ሲቆረጥ ዕቃው ይሸሻል፤ የሸሸውን ዕቃ የሚያገኘውም ድሃው አይደለም።

ታዲያ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዋጋ አልቆርጥም ሲሉ ገበያውን ለጉልበተኛ ለቀቁት ማለት ነውን? በፍጹም! ዋጋውን ለአላህ ትተው፣ ወደ ዋጋው የሚያደርሰውን መንገድ ግን በሕግ አጠሩት። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ የከተማ ሰው ወጥቶ ባለ ጭነቶችን ገበያ ሳይደርሱ መንገድ ላይ እንዳይቀበል ከለከሉ። የከተማው ሰው ለገጠሩ ሰው እንዳይሸጥለትም ከለከሉ። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) የዚህን ትርጉም ሲጠየቁ፣ «ሲምሳር» አይሁነው ማለት እንደሆነ ገለጹ። ሲምሳር ማለት በእኛ ቋንቋ ደላላ ነው። በሙስሊም ዘገባ ደግሞ፣ መንገድ ላይ የተገዛበት ባለ ጭነት ገበያ ደርሶ ዋጋውን ካየ በኋላ ሽያጩን የማጽናት ወይም የማፍረስ ምርጫ ተሰጥቶታል። ከ1400 ዓመት በፊት የገበሬን መታለል የሚመልስ ሕግ ነበረ ማለት ነው።

ወንድሞቼ፣ ይህን ሐዲስ የምጽፍላችሁ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ኪታብ ሳልቀራ በፊት፣ በወጣትነቴ፣ ከአንድ የአትክልት ደላላ ጋር ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ከከተማው መግቢያ መቆም ነበር። አህያ እየነዱ የሚመጡትን ገበሬዎች እቀበላለሁ። የደሴን ዋጋ ማታውኑ በስልክ ሰምቼ አድሬአለሁ፤ እነርሱ አልሰሙም። «ዛሬ ገበያው ሞቷል፤ ብዙ ጭነት ገብቷል፤ እዚሁ ልገላግላችሁ» እላለሁ። ብዙዎቹ ያምኑኛል። ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው ደክመዋል፤ ዕቃውን መልሰው ዳገት ማውጣትም አይችሉም።

አንድ ቀን አንድ አዛውንት በሁለት አህያ ነጭ ሽንኩርት ጭነው መጡ። ያንኑ የለመድኩትን ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲህ አንተ የከተማ ልጅ ነህ፣ ልጄ፤ ታውቃለህ። እንዳልከው ይሁን» አሉኝ። ገንዘቡን ተቀብለው ዱዓ አድርገውልኝ ተመለሱ። ያ ነጭ ሽንኩርት ቀትር ሳይደርስ እጥፍ በሚጠጋ ዋጋ ተሸጠ።

ዓመታት አልፈው ደረሳ ሆኜ ኡስታዛችን ይህን ምዕራፍ ሲያቀሩን፣ «ሲምሳር» የሚለው ቃል ላይ ስንደርስ ፊቴን መሸሸጊያ አጣሁ። አዛውንቱን ፈልጌ ሄድኩ። ሞተዋል አሉኝ። የሟች ሐቅ ለወራሾቹ ነውና፣ የወሰድኩባቸውን ገምቼ ለሴት ልጃቸው አመጣሁላት፤ ነገሩንም ሳልደብቅ ነገርኳት። ገንዘቡን ይዛ ቆየችና «አባቴ ያን ቀን ሲመለስ ገበያው ሞቶ ነው ብሎን ነበር» አለችኝ። እኚያ ሰው የእኔን ውሸት እውነት ብለው ለልጆቻቸው ነግረው ነው የሞቱት። እርሷ ዐፍው አለችኝ። ሌሎቹን ግን፣ ስማቸውንም መንደራቸውንም የማላውቃቸውን፣ ዛሬም አላገኘኋቸውም። ስለ እነርሱ ሰደቃ እሰጣለሁ፤ ተውበቴን እንዲቀበለኝም አላህን እለምናለሁ።

ይህን የነገርኳችሁ ደላላ ሁሉ ሐራም በላ ለማለት አይደለም። ኢማም ቡኻሪ በኪታባቸው ስለ ደላላ ደመወዝ ራሱን የቻለ ባብ አበጅተው፣ ኢብኑ ሲሪንና ዐጣእን የመሳሰሉ ቀደምት ዑለማዎች ችግር እንዳላዩበት ጠቅሰዋል። እውነተኛውን ዋጋ የሚናገር፣ ደመወዙ የታወቀ፣ ገዢና ሻጭን የሚያገናኝ ደላላ አገልጋይ ነው፤ ሐላል ይበላል። ሐራሙ የገበሬውን አለማወቅ መሸጥ ነው።

የመንግሥት ሰዎች ሊያዩት የሚገባው ነጥብም ይኸው ነው። የኑሮ ውድነት በተነሣ ቁጥር «ሕገ ወጥ ደላላ» ላይ ዘመቻ ይታወጃል። ጥቂት ሰዎች ይታሠራሉ፣ መጋዘን ይታሸጋል፤ በሳምንቱ ሌላ ደላላ ያንኑ ቦታ ይይዛል። ለምን? ደላላውን ያቆመው የገበሬው አለማወቅ ስለሆነ ነው። አለማወቁ እስካለ ድረስ ቦታው ባዶ አይሆንም። በአዲስ አበባ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋው የእሁድ ገበያ አምራቹንና ሸማቹን ለማቀራረብ የታሰበ በጎ ሥራ ነው። ነገር ግን የቦረና ገበሬ ሁለት ኩንታል ሽንኩርት ይዞ አዲስ አበባ አይደርስም። ለእርሱ የሚያስፈልገው ቅርብ ነገር ነው፤ በገበያ ዋዜማ የደሴና የአዲስ አበባ ዋጋ በሬዲዮ፣ በቀበሌ ሰሌዳ፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይነገረው። ይህ ብዙ ወጪ የለውም። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ገበሬዎች ተባብረው ምርታቸውን እንዲሸጡ በር ከፍቷል፤ ማኅበሩ ግን ማዳበሪያ ማደያ ብቻ ሆኖ ከቀረ፣ ገበሬው አሁንም ከመንገዱ ዳር ብቻውን ነው።

ሁለተኛው ነገር የማሳ ሽያጭ ነው። ሽንኩርቱ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ቲማቲሙ አበባ ላይ ሳለ፣ የተቸገረ ገበሬ ማሳውን ለነጋዴ ይሸጣል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፍሬ ለመብላት መድረሱ ሳይታወቅ፣ ሳይቀላና ቢጫ ሳይሆን እንዳይሸጥ ከልክለዋል። አላህ ፍሬውን ቢከለክለው የወንድምህን ገንዘብ በምን ሐቅ ትወስዳለህ ብለውም ጠይቀዋል። ጃቢር (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት፣ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ፣ ከተሸጠ በኋላ አደጋ በመታው ፍሬ ላይ ከገዢው ሒሳብ እንዲነሣለት አዘዋል። በረዶ የጣለው ወይም ዋግ የመታው ምርት የአንዱ ወገን ኪሳራ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ነው።

«ታዲያ ገበሬው ገንዘብ ሲቸግረው ምን ያድርግ?» ትሉኝ ይሆናል። ሸሪዓው በር ዘግቶ አልሄደም። የመዲና ሰዎች ለዓመትና ለሁለት ዓመት የፍሬ ዋጋ አስቀድመው ይከፍሉ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስፈሪያው፣ ሚዛኑና ቀኑ የታወቀ ይሁን ብለው አጸደቁላቸው። ይህ ሰለም የሚባለው ውል ነው። «ይህን ማሳ እንዳለ» ብሎ መሸጥና «በዚህ ቀን ይህን ያህል ኩንታል አስረክባለሁ» ብሎ ሙሉውን ዋጋ አስቀድሞ መቀበል የተለያዩ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289 በአምራቹና በገዢው መካከል የሚደረግ ውል ሥርዓት እንዲይዝ የታሰበ ነው። አላህም በሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ ዕዳ በጽሑፍ እንዲሰፍር፣ ጸሐፊውም በፍትሕ እንዲጽፍ አዟል። ግን ይህን አዋጅ መካነ ሰላም ገበያ ውስጥ ስንት ገበሬ ሰምቷል? ለገበሬ ወጥቶ ገበሬ ያልሰማው ሕግ፣ መሶብ ውስጥ ተከድኖ እንደ ሻገተ እንጀራ ነው።

ሦስተኛው ውሃ ነው። በበጋ ከላይኛው ማሳ ያለው ቦዩን ይዘጋል፤ ከታች ያለው ችግኙ ይደርቃል፤ ከዚያ ዱላ ይነሣል። ዙበይር (ረ.ዐ.) ከአንድ የአንሷር ሰው ጋር በተምር ማጠጫ ቦይ ተጣልተው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ቀረቡ። ነቢዩ መጀመሪያ፣ ዙበይር አጠጥተው ቶሎ ለጎረቤታቸው እንዲለቁ ለሁለቱም የሚመች ማስታረቂያ አቀረቡ። ሰውየው ተቆጥቶ ሲያማቸው፣ ለዙበይር ሙሉ ሐቃቸውን ፈረዱላቸው፤ ውሃው እስከ ግድቡ እስኪደርስ ይይዙታል፣ ከዚያ ይለቁታል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የላይኛው ቀድሞ ያጠጣል፤ ነገር ግን ወሰን አለው። ደግሞም ከፍርዱ በፊት ዕርቁ ይቀድማል። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ገበሬዎች ውሃቸውን በማኅበር እንዲያስተዳድሩ የወጣ ነው። የውሃ አባቶቻችን ተራ በማስያዝ ሲሠሩበት ከኖሩት ጋር ቢጋባ መልካም ነው። የውሃው ተራ ግን በዘመድ ከተሰጠ፣ ማኅበሩም አዋጁም ከዱላ አያድኑንም።

የሸሪዓው ሕግ ድካምን እንዴት እንደሚያይ ደግሞ ከዘካ እንረዳለን። ሰማይ ካጠጣው ሰብል አንድ አስረኛ፣ በሰው ድካም ከጠጣው ግን የዚያ ግማሽ ነው። በአትክልት ላይ ዘካ አለ ወይስ የለም በሚለው ኢማሞቹ ተለያይተዋል። አቡ ሐኒፋ አለ ይላሉ፤ ሻፊዒይ የሚቀመጥ ዋና ምግብ ላይ ነው እንጂ አትክልት ላይ የለም ይላሉ። በአገራችን ሁለቱም መዝሀብ ይቀራልና እያንዳንዱ ሸኹን ይጠይቅ። እኔ የማነሣው ግን ሌላ ነገር ነው። አላህ የራሱን ሐቅ እንኳ ለደከመው ግማሹን ከቀነሰለት፣ በሞተር ውሃ እየሳበ፣ ናፍጣ በውድ እየገዛ የሚያለማውን ገበሬ ከዝናብ ጠባቂው ጋር እኩል የሚያስከፍል መዋጮና ግብር እንዴት ፍትሕ ይሆናል?

እስካሁን ለመንግሥትና ለነጋዴ ተናገርኩ። አንተ ገበሬ ወንድሜ ደግሞ ስማኝ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ገበያ ውስጥ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አግብተው ርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ ርጥቡ ለምን ሰው እንዲያየው ከላይ አልሆነም ብለው ሻጩን ወቅሰው፣ የሚያጭበረብር ከእኛ አይደለም ብለዋል። ከቲማቲም ሳጥን ሥር የላሸቀውን፣ ከላይ ቀዩን የምትደረድር፣ ይህ ሐዲስ ለአንተም ነው። ከሽንኩርት ጆንያ ውስጥ አፈርና ድንጋይ የምትጨምር፣ ለአንተም ነው። ትናንት መድኃኒት ረጭተህ ዛሬ ለቅመህ የምትሸጥ ደግሞ የምታጎድለው ሚዛን ሳይሆን የሰው ጤና ነው። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 አለ፤ ነገር ግን ሌሊት ማሳህ ውስጥ ስትረጭ የሚያይህ ተቆጣጣሪ አላህ ብቻ ነው። ሱረቱል ሙጠፊፊን ለራሳቸው ሲሰፍሩ ሞልተው፣ ለሌላው ሲሰፍሩ አጉድለው ለሚሰጡ ወዮታን ይዛ ወርዳለች። ደላላን ስንረግም፣ በእያንዳንዳችን ጆንያ ውስጥ ያለውን ትንሽ ደላላ አንርሳ።

ለባለሥልጣናቱ አንድ ነገር ልጨምር። ኢማም ማሊክ በሙወጠእ እንደዘገቡት፣ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ገበያ ውስጥ ዘቢብ የሚሸጡትን ሓጢብን (ረ.ዐ.) አግኝተው ወይ ዋጋ እንዲጨምሩ ወይ ከገበያው እንዲነሡ አዘዟቸው። በሻፊዒይ ዘገባ ደግሞ ዑመር ነገሩን ለራሳቸው ካሰቡበት በኋላ ሓጢብ ቤት ድረስ ሄደው፣ ያ ለአገሩ ሰው መልካም አስበው የተናገሩት እንጂ ፍርድ እንዳልነበረ፣ እንደፈለጉ መሸጥ እንደሚችሉ ነገሯቸው። ዑመርን የመሰለ ኸሊፋ ዘቢብ ሻጭ ቤት ሄዶ ቃሉን ከመለሰ፣ የወረዳና የክልል ሹም ገበሬ የጎዳ መመሪያ ቢያነሣ ክብሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ የሚቀጥለውን የገበያ ቀን አንድ ነገር እናድርግ። የደሴን ዋጋ ያወቀ ሁሉ ለማያውቀው ይንገር። ስልክ ያለው ልጅ ከመንገዱ ዳር ለሚያርፉት አባቶችና እናቶች ዋጋውን ሳይከፈለው ይንገራቸው። እኔም በዚያው በከተማው መግቢያ፣ ድሮ በቆምኩበት ቦታ፣ ዋጋ ልናገር ጎህ ሳይቀድ እቆማለሁ፤ ኢንሻአላህ። የሚመጣ ይምጣ።

አላህ ሆይ! በማናውቃቸው ሰዎች ሐቅ ላይ የሠራነውን ይቅር በለን። የገበሬውን ዝናብና ውሃ ባርክለት፤ መንገዱን ክፈትለት፤ አገራችንን ሰላም አድርግልን። ሚዛናችንን አስተካክልልን፤ በሒሳብ ቀን ሚዛናችንን ከባድ አድርግልን። አሚን።